ኮምፒውተር ሲገዛ ፍጻሜውም አብሮ ይታሰብ

አዲስ ጥበብ ሁሉ ከጥቅሙ ጋራ ዕዳውንም ይዞ ይመጣል። ጥቅሙ ፈጥኖ የሚታይና የሚመሰገን ሲሆን፥ ዕዳው ግን ዘግይቶ የሚደርስ በመሆኑ ብዙ ጊዜ አስተዋሽ ያጣል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሰው አዲስ ዕቃ ወደ ቤቱ ሲያስገባ በጥቅሙ ብቻ አይደሰትም፤ የሚያስወጣውን ወጭ፥ የሚጠይቀውን ጥበቃ፥ በመጨረሻም ካረጀ በኋላ የሚያርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ ያስባል። ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ወጭውን ሊያሰላ እንደሚገባው በወንጌል የተሰጠው ምሳሌ ለዚህ ነገር በቂ ትምህርት ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በፈጠነ እርምጃ የሚስፋፋው፥ ዲጂታል የሚባለው አሠራርም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን የተገባ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ብቻ ስለ ነበሩ፥ ስማቸውንና ውጤታቸውን ለመያዝ አንድ መዝገብና አንድ ጸሐፊ ሊበቃ ይችል ነበር። ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከ40 በላይ ሆኖ ተማሪዎቻቸው በብዙ መቶ ሺህ ይቈጠራሉ፤ ይህን ያህል ሕዝብ በብዕርና በመዝገብ ብቻ ማስተዳደር የማይቻል ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ዕቅድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፥ ይልቁንም በ2015 ዓ.ም. ተመራቂዎች የሚቀመጡበት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ኮምፒውተር ለዩኒቨርሲቲ እንደ ጠመኔና እንደ ሰሌዳ የማይቀር መሣሪያ ሆኗል።

የዚህም አሠራር ጥቅም ግልጥ ነው። ተማሪው ለመመዝገብ ብቻ ከሩቅ አገር መንገድ መምታት አያስፈልገውም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ዕቃ ቤት ተቈልፎ አይቀርም፤ ለማስታወቂያና ለደብዳቤ የሚባክነው ወረቀት ይቀንሳል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በመሰሉ ቤቶች የሚገኙት የብራና መጻሕፍትም በፎቶግራፍ ተነሥተው በኮምፒውተር ሲቀመጡ፥ ሊቁ ጽሑፉን ያነባል፥ ብራናው ግን በእጅ ብዛት ከመጐዳት ይድናል። ይህን ሁሉ መልካም ሥራ የሚነቅፍ አይገኝም።

ዳሩ ግን ሰነዱ ከወረቀት ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ከምድር ለቆ የሄደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። በኮምፒውተር የተጻፈ ፊደል ሁሉ ከማዕድን በተሠራ ዕቃ ላይ ያርፋል፤ ዕቃውም በኤሌክትሪክ ይሠራል፥ ሲሠራም ስለሚግል ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ደመና እየተባለ የሚጠራው ማከማቻ እንኳ ስሙ የሰማይ ይምሰል እንጂ፥ ሌሊትና ቀን መብራት የሚፈጁ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት፥ በምድር ላይ የቆመ ታላቅ ቤት ነው። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደ ገለጠው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. እንዲህ ያሉት ቤቶች በዓለም ሁሉ የፈጁት ኤሌክትሪክ 415 ቴራዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ይህም ዓለም በሙሉ ከተጠቀመበት ኤሌክትሪክ ከመቶው አንድ ተኩል እጅ ይደርሳል። በ2030 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 945 ቴራዋት ሰዓት ከፍ እንደሚል ኤጀንሲው ይገምታል።

በሌሎች አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ነገር ሲመካከሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የመብራቱን ነገር ነው፤ መብራታቸው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ የሚገኝ በመሆኑ ኮምፒውተራቸው በሠራ ቍጥር ጢስ ወደ ሰማይ ይወጣልና። የኢትዮጵያ ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው ከውሃ የሚገኝ ሲሆን፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት ኀይል ለማመንጨት የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ የሌላውን አገር ምክር እንዳለ ወስዶ የዩኒቨርሲቲን ጥረት ሁሉ መብራት በመቈጠብ ላይ ብቻ ማዋል ነገሩን ከሥሩ አለመመርመር ይሆናል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ምድርን በብርቱ የሚጐዳው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሚሠራበት ዘመን አይደለም፤ ከመምጣቱ በፊትና ከሞተ በኋላ ነው።

ከመምጣቱ በፊት ያለው እንዲህ ነው። አንድ የእጅ ኮምፒውተር ለመሥራት መዳብ፥ ወርቅ፥ ኮባልትና ሌላም ብዙ ማዕድን ከልዩ ልዩ አገር ተቈፍሮ ይወጣል፤ በታላቅ እሳት ይቀልጣል፤ በብዙ ውሃ ይታጠባል። በጉጂ ዞን ከቀንጢቻ የሚወጣው ታንታለምም ለዚሁ ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሚፈለግ ማዕድን ነው፤ ይህ ብረት ከኢትዮጵያ ምድር በጥሬው ወጥቶ የባሕር ማዶ ፋብሪካዎች ከሚሠሩት ዕቃ ውስጥ ይገባል፥ ያም ዕቃ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ ይመጣል። አንድ የእጅ ኮምፒውተር በዕድሜው ሁሉ ለአየር ከሚጨምረው ካርቦን አብዛኛው ገና በፋብሪካ ሳለ የወጣ መሆኑን ሠሪዎቹ ራሳቸው ያወጧቸው መግለጫዎች ያሳያሉ። እንግዲህ መብራቱ ከውሃ በሚገኝ አገር፥ ምድርን ለመጠበቅም ገንዘብን ለማዳንም ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የተገዛውን ኮምፒውተር ዕድሜ ማርዘም ነው። ለምሳሌ ያህል 2,000 ኮምፒውተሮች ያሉት ዩኒቨርሲቲ በየአራት ዓመቱ የሚለውጣቸው ቢሆን በዓመት 500 መግዛት አለበት፤ ስምንት ዓመት ቢያገለግሉት ግን 250 ይበቁታል። በማዕድኑም፥ በጢሱም፥ በውጭ ምንዛሬውም ግማሹ ይድናል ማለት ነው።

ከሞተ በኋላ ያለው ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ለዐይን ቅርብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ባወጡት ዘገባ መሠረት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. በዓለም የተጣለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ነበረ፤ ከዚህም በሚገባ ተሰብስቦ ተመልሶ ለጥቅም እንደ ዋለ የተመዘገበው ከመቶ 22.3 ብቻ ነው። በአፍሪካ ግን ይህ ቍጥር ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አሮጌ የቴሌቪዥን ቅርጽ ባለው የኮምፒውተር መስታወት ውስጥ ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ እርሳስ የሚገኝበት አለ፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን ደግፎ የሚያቆየው ዩፒኤስ የሚባለው ዕቃም ባትሪው የእርሳስና የአሲድ ነው። እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ መሆኑን፥ ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ መጠን እንደሌለውም የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

እንዲህ ያለው ዕቃ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የሚሄድበት መንገድ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ቆራሌው ይወስደዋል፤ ከቆራሌው ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ሌላ ገበያ ይደርሳል። በዚያ ያሉት ሠራተኞች ከወደቀ ብረት ጥቅም ያለው ዕቃ የሚያወጡ ብልኆች ናቸውና ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ከሽቦ መዳብ ለማውጣት ላስቲኩ በእሳት ሲነድ፥ ከባትሪ እርሳስ ለማውጣት አሲዱ በመሬት ላይ ሲፈስ፥ መርዙን የሚስበው ያው ሠራተኛና በአጠገቡ የሚጫወተው ልጅ ነው። ሊሸጥ ያልቻለው ቅሪት ደግሞ ከተርታው ቆሻሻ ጋራ ይጣላል። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ ከተማ ጥላ የረሳችው ነገር የሚወድቀው በድኾች ላይ መሆኑን ሰው ሁሉ አይቶ አዝኗል። ዕውቀትን ለማስፋት የተገዛ መሣሪያ በመጨረሻው ቀን የድኻን ልጅ አእምሮ የሚያደነዝዝ መርዝ ሆኖ ከተገኘ፥ ዩኒቨርሲቲው በአንድ እጁ የሠራውን በሌላው እጁ አፈረሰ ማለት ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የማይወጣውም ቢሆን ነገሩ የተሻለ አይደለም። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከአገልግሎት የወጡ ኮምፒውተሮች፥ ማተሚያዎችና ባትሪዎች በየዕቃ ቤቱና በየኮሪደሩ ተከምረው ዓመታት ያልፋሉ። የዚህም ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም። ዕቃው በመዝገብ የሰፈረ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ፥ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ያስወገደው ሹም ኋላ በኦዲት እንዳይጠየቅ ይፈራል፤ ስለዚህ ቈልፎ መቀመጥን ይመርጣል። የሕዝብን ገንዘብ መጠበቅ የተገባ ነው። ነገር ግን ዛሬ ቢጠገን ለአንድ ትምህርት ቤት ይጠቅም የነበረው ኮምፒውተር ከስድስት ዓመት በኋላ ለማንም የማይሆን ብረት ይሆናል፤ ባትሪውም እያበጠ ያፈሳል። እንዲህ ያለው ጥበቃ ንብረቱን ከሌባ ቢያድነውም ከዝገት አያድነውም።

ሕግ ስለሌለ ነው እንዳይባል ሕግ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ያወጣው ደንብ ቍጥር 425/2010 ታውጇል። ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚተላለፍበትን መንገድ የሚወስነው የባዝል ስምምነት አባል ናት፤ በዚህም ስምምነት ላይ በተደረገው ማሻሻያ፥ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ማናቸውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፥ አደገኛ ቢሆንም ባይሆንም፥ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሳይፈቅድ እንዳይላክ ተደንግጓል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ከሰፈረ በኋላ የሚፈጸመው በግዥ ሠራተኛው ጠረጴዛና በንብረት ሹሙ መዝገብ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዲጂታል አሠራር ከምድር ጋራ የሚስማማ መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚታወቀው በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መቃናት ያለበት የግዥው ውል ነው። ጨረታ ሲወጣ ዋጋው የረከሰ ዕቃ ብቻ የሚመረጥ ከሆነ፥ በሁለት ዓመት የሚሰበር፥ መለዋወጫ የማይገኝለት ዕቃ ይገዛል፤ ያንጊዜ የረከሰው ውድ ይሆናል። በውሉ ውስጥ ዕቃው ስንት ዓመት እንዲያገለግል እንደሚፈለግ፥ ባትሪውና ማኅደረ ትውስታው ተፈትቶ ሊለወጥ የሚችል መሆኑ፥ መለዋወጫው እስከ ስንት ዓመት እንደሚቀርብ፥ ዕድሜውም ሲፈጸም ሻጩ መልሶ የሚረከብበት መንገድ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። የኮምፒውተር ሞት በሸጠው ሰው ላይ ጥቂት ሸክም ካልጣለበት፥ ሻጩ ዕድሜው የረዘመ ዕቃ ለማምጣት አይተጋም።

በስጦታ የሚመጣውም ዕቃ በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ከባሕር ማዶ ወዳጆች የሚልኩት ያገለገለ ኮምፒውተር ብዙ ተማሪ ጠቅሟል፤ ምስጋናም ይገባዋል። ዳሩ ግን ከደረሰ በአንድ ዓመት የሚሞት ዕቃ ስጦታ ሳይሆን የሌላውን ቆሻሻ የማስወገድ ዕዳ ስለሆነ፥ ሳይመረመርና ሳይፈተሽ መቀበል አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ጥገና ነው። ብዙ ኮምፒውተር የሚጣለው ብረቱ አልቆ ሳይሆን የሚሠራበት ፕሮግራም ስላረጀ ነው። ማይክሮሶፍት የሚባለው ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ፕሮግራሙ ይሰጥ የነበረውን ተርታ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ባቆመ ጊዜ፥ ተተኪውን ለመጫን የማይችሉ ነገር ግን አካላቸው ደኅና የሆኑ ኮምፒውተሮች በዓለም ሁሉ እንደ አሮጌ ተቈጠሩ። እነዚህን ዕቃዎች ያለ ዋጋ የሚገኘውን ሊኑክስ በመሰለ ፕሮግራም ለብዙ ዓመት ማሠራት ይቻላል። ኤሌክትሪክና ኮምፒውተር የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሁሉ በግቢው ውስጥ የጥገና ክፍል አቋቁሞ ተማሪዎቹን በመምህር ጠባቂነት ቢያሠራቸው፥ ዕቃው ይድናል፥ ተማሪውም በመጽሐፍ ያነበበውን በእጁ ይማራል። ለዚህ ሥራ ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ አንዳች ነገር የለም።

ሦስተኛው ነገር ከአገልግሎት የወጣውን ዕቃ በጊዜው ማሰናበት ነው። የንብረት ኮሚቴ በየዓመቱ በታወቀ ወር ተሰብስቦ፥ የተማሪና የሠራተኛ ምስጢር የያዘው ማከማቻ በሚገባ እንዲደመሰስ ካደረገ በኋላ፥ የሚሠራውን ለሚያስፈልገው ትምህርት ቤት፥ የማይሠራውን ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ ቢያስረክብ፥ የመረከቢያውም ደረሰኝ በመዝገብ ቢቀመጥ፥ ሹሙም ከኦዲት ፍርሃት ያርፋል፥ ዕቃ ቤቱም ይጸዳል። ለዚህ ሥራ ግልጥ መመሪያ ማውጣትና ፈቃድ ያላቸውን ሰብሳቢዎች ማበርከት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎቹ በላይ ያሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፋንታ ነው። መንገድ ሳይከፈት መንገደኛን መውቀስ ፍርድ አይሆንም።

አራተኛው፥ መብራቱ ከውሃ ነው ተብሎ እንዳሻ አይባክንም። ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የየራሱን የኮምፒውተር አዳራሽና ማቀዝቀዣ ከሚያቆም፥ የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ዩኒቨርሲቲዎችን ለማገናኘት የተዘረጋ ስለሆነ፥ ብዙዎቹ ባንድነት የሚጠቀሙበት አዳራሽ ቢጠናከር ወጭውም ብልሽቱም ይቀንሳል። የመለማመጃ ክፍሎች ኮምፒውተሮች ተማሪው ከወጣ በኋላ ሊዘጉ ይገባል፤ በዚያ ያልበራው መብራት ገና በኩራዝ ለሚያጠና የገጠር ተማሪ ይተርፋልና። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርም አንድ ሊትር ናፍጣ ባቃጠለ ቍጥር 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል፤ የግድቡን ንጽሕና የናፍጣው ጢስ እንዳያበላሸው፥ በጄኔሬተር ፈንታ በፀሐይ ኀይል መጠቀም የሚቻልበት ስፍራ ቢመረመር ማለፊያ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ፥ «ለተማሪው የሚበቃ ኮምፒውተር ገና ሳይገኝ ስለ አሮጌው መጨነቅ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ አነጋገር እውነት የሚመስል ነገር አለበት፤ ጕድለቱ እርግጥ ነውና። ነገር ግን መልሱ ከዚያው ከጕድለቱ ይገኛል። ሀብታም ሰው ልብሱ ቢቀደድ ይጥለዋል፤ ድኻ ግን ይጥፈዋል፥ ጠግኖ ይለብሰዋል፥ ለታናሹም ያወርሰዋል። ዕቃን ጠብቆ ማቈየት ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ሳይሆን የኢትዮጵያ ቤት ሁሉ የኖረበት ልማድ ነው። አዲስ ለመግዛት እየተሯሯጡ በእጅ ያለውን ማበላሸት ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት መምሰል ነው።

በጥንት ዘመን የመጽሐፍ ነገር ምን ያህል እንደሚታሰብበት ሊቃውንት ያውቃሉ። ብራናው ሲፋቅ፥ ቀለሙ ሲበጠበጥ፥ ጽሑፉ ሲጻፍ የሚደክሙት ድካም ታላቅ ነበረ፤ ዳሩ ግን ሥራው በዚያ አያበቃም ነበር። ለመጽሐፉ የእንጨት ገበታ ይበጅለታል፤ ማኅደር ይሰፋለታል፤ የሚሰቀልበት ስፍራ ይዘጋጅለታል፤ የሚጠብቀውም ዕቃ ቤት ይሾምለታል። ሲላላ ይጠረዛል፤ ጽሑፉ የማይፈለግ ቢሆን ብራናው ተፍቆ ሌላ ይጻፍበታል። በዚህም ጥበቃ ብዙ መቶ ዓመት የቈዩ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ደርሰዋል። ኮምፒውተር በጥቂት ዓመታት የሚያረጅ ዕቃ ቢሆንም፥ ማኅደርና ጠባቂ የማዘጋጀቱ ጥበብ ለርሱም የሚሆን ነው።

እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚደንቶች፥ የግዥና የንብረት ሹማምንት፥ እነርሱንም የሚቈጣጠሩ ሁሉ በሚመጣው በጀት ውስጥ ለአዲስ ኮምፒውተር መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ሲጽፉ፥ በዚያው ገጽ ላይ ለጥገናውና ለማሰናበቻው የሚሆነውንም ሊጽፉ ይገባል። በዓመቱም ፍጻሜ ስንት እንደ ተገዛ ብቻ ሳይሆን፥ ስንት እንደ ተጠገነ፥ ስንት ለትምህርት ቤት እንደ ተላለፈ፥ ስንት ኪሎም በሕጋዊ መንገድ እንደ ተወገደ ቈጥረው ያስታውቁ። የሀገር ተማሪ ሁሉ በኮምፒውተር የሚማርበት ዘመን እንዲመጣ የሚመኝ ሰው፥ ያ ዘመን ለሚቀጥለው ትውልድ የእርሳስና የዝገት ክምር እንዳያወርስ መሥራት ያለበት ዛሬ፥ ክምሩ ገና ጥቂት ሳለ ነው።